ቃሩ ከበርበሬው ነው ወይስ ከሰዓቱ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ ፒያሳ አንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኝነት እሠራለሁ። ሦስት ወር ሆነኝ፤ ከደረቴ አጥንት ሥር ተነሥቶ እስከ ጉሮሮዬ የሚወጣ ቃር ሌሊት እያስነሣኝ ነው። በርበሬ ትቻለሁ፣ ቡና ቀንሻለሁ፣ ጾም ስለሆነ ሥጋና ቅቤም አልነካም። ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የሚደረግ የጨጓራ ምርመራ) ተደርጎልኝ «ምንም የለብሽም» ተባልኩ። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ጉልበቴን ሲያመኝ ማስታገሻ እጨምራለሁ። እናቴ ተልባ ጠጪ ትለኛለች፣ ጎረቤቴ ደግሞ ቤኪንግ ሶዳ። ሌላ ክኒን ሳልጨምር ምን ላድርግ?

መልስ፦ «ምንም የለብሽም» ሲባሉ ቁስል አልታየም ማለት ነው እንጂ ቃር የለብዎትም ማለት አይደለም። ቃር ከሚያሠቃያቸው ሰዎች አብዛኞቹ በኢንዶስኮፒ ሲታዩ የምግብ ቧንቧቸው ደህና ነው። ቧንቧው ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ምግብ ሲወርድ የሚከፈት፣ ከዚያ የሚዘጋ ክብ ጡንቻ አለ። እሱ ያለጊዜው ሲላላ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ያመልጣል። ጨጓራ አሲዱን የሚችልበት ልባስ አለው፤ የምግብ ቧንቧ ግን ያን ያህል መከላከያ ስለሌለው ያቃጥላል። በርበሬ የተቆጣውን ቦታ ያባብስ ይሆናል እንጂ በሩን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

ከደብዳቤዎ መጀመሪያ ዓይናችን ያረፈው መድኃኒቶቹ ላይ ነው። የግፊቱ መድኃኒት አምሎዲፒን ወይም ኒፈዲፒን ከሆነ፣ የደም ሥርን የሚያሰፋው ጡንቻ በማላላት ስለሆነ ያንን ክብ ጡንቻም ሊያላላ ይችላል። ለጉልበትዎ የሚወስዱት አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከሆነ የጨጓራን ልባስ ያሳሳል፣ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ለእርስዎ በሁለት በኩል ጉዳት ነው። ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክና የብረት ክኒን ደግሞ በአንድ ጉንጭ ውሃ ተውጠው ወዲያው ከተተኛ ቧንቧው ላይ ተጣብቀው ያቆስላሉ፤ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቶ ለ30 ደቂቃ አለመጋደም ያስፈልጋል። የግፊት መድኃኒትዎን ግን በራስዎ እንዳያቆሙ። የሚወስዱትን ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዘው ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱና ቃሩ መቼ እንደጀመረ፣ መድኃኒቱ መቼ እንደታዘዘ አብረው ያስተያዩ። ቀኖቹ ከተቀራረቡ የሚተካ ሌላ ዓይነት አለ።

ቀጥሎ ሰዓቱ ነው። ጾመኛ የቢሮ ሠራተኛ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆዱን ይቆይና ሻይ በሳምቡሳ ወይም በቦንቦሊኖ ቀምሶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የቀኑን ምግብ ሁሉ በአንድ ትሪ ይጨርሳል። 4 ሰዓት ላይ ይተኛል። የተወጠረ ጨጓራ ያንን ጡንቻ ይስባል፣ መጋደሙ ደግሞ አሲዱን ወደ ቧንቧው ያስጠጋል። ጾም ነውና ቅባት የለም የሚለውም አያስኬድም፤ ሽሮው የሚሠራበት ዘይት፣ ሱፉ፣ ቦንቦሊኖው ሁሉ ቅባት ነው። ቅባት ምግቡን ጨጓራ ውስጥ ያቆየዋል። በዚያ ላይ የቲማቲም ስልስ ሲጨመር ሌሊቱ ምን እንደሚመስል እርስዎ ያውቁታል።

ስለዚህ ዋናውን ምግብ ወደ 9 ሰዓት ያምጡት፤ እንጀራውን በምሳ ዕቃ ይዘው ይሂዱ። ማታ ከ1 ሰዓት በፊት በጣም ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ ዘይት ያልበዛበት አትክልት ወይም አጃ፣ ይብቃዎት። ከመጨረሻው ጉርሻ እስከ መኝታ 3 ሰዓት ይለፍ። ራት እንዲያውም ቢቀር ሁለት ሳምንት ሞክረው ልዩነቱን ያያሉ።

አልጋውን በራስጌ በኩል ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት። ሁለቱ የራስጌ እግሮች ሥር እኩል ቁመት ያላቸው የጣውላ ቁራጮች ወይም ጠንካራ ጡብ ይግባ፤ እንዳይንሸራተት ከታች ጎማ ነገር ይነጠፍ። ትራስ መደራረብ አይረዳም፤ ወገብን አጥፎ ሆድን ስለሚጨቁን እንዲያውም ያባብሳል። ሲተኙ በግራ ጎንዎ ይሁን፤ በዚያ አቀማመጥ ጨጓራው ከመጋጠሚያው ዝቅ ይላል። የጠበቀ ቀበቶና መቀነትም ከምግብ በኋላ ላላ ይበል። ክብደት የጨመሩ ከሆነ ጥቂት ኪሎ መቀነስ ራሱ መድኃኒት ነው።

አሁን ወደ እናትዎ ምክር። ተልባ ለጥቂት ጊዜ ቧንቧውን ያለሰልሳል፤ ምክንያቱን ግን አያነሣም። ተቆልቶ የተፈጨ 1 የሾርባ ማንኪያ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ቀን ላይ ይጠጡ፤ በመኝታ ሰዓት አይሁን። ዝልግልጉ መድኃኒት እንዳይዋሐድ ስለሚያዘገይ ከክኒንዎ ቢያንስ 2 ሰዓት ይራቅ። ጎረቤትዎ ግን ለሌላ ሰው ይምከሩ፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ 600 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም አለ፤ ለግፊት ሕመምተኛ አይሆንም። አምቦ ውሃ ያስገሳል፤ ግሳቱ አሲዱን ይዞ ይወጣል። የናና ሻይ ጡንቻውን ያላላል። ፌጦ በሎሚ ለቆሰለ ጨጓራ ጭካኔ ነው። ይልቅ ከምግብ በኋላ ለ30 ደቂቃ ናና የሌለው ማስቲካ ማኘክ ምራቅ ያበዛል፤ ምራቅ አሲዱን ያጥባል፣ ያረክሳልም።

ለ14 ቀን ደብተር ይያዙ፦ የበሉበት ሰዓት፣ ምግቡ፣ ክኒኑ፣ የተኙበት ሰዓት፣ ቃሩ የጀመረበት ሰዓት። ሁሉን በአንዴ ከቀየሩ ምኑ እንደጠቀመ አይለይም፤ ከሰዓቱ ይጀምሩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ለውጥ ከሌለ ከምግብ ቧንቧው የነርቭ ስሜት መብዛት የሚመጣ ቃር አለ። አሲዱ ሳይበዛ የሚያቃጥል ስለሆነ የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት ነው የሚለየው።

ጥያቄ፦ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ክኒን ኦሜፕራዞልን መውሰድ ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው። ባቆምኩ ቁጥር ከበፊቱ ይብሳል። ለምዶብኝ ይሆን? (አንባቢ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ሱስ አይደለም። ለወራት የታፈነው የአሲድ ምርት በድንገት ሲለቀቅ ለጥቂት ሳምንታት ከልክ ያልፋል፤ ሰው ይህን ሕመሙ ያገረሸ መስሎት ወደ ክኒኑ ይመለሳል። ለምን እንደታዘዘልዎት መጀመሪያ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ማቆም የሌለበት ሰው አለ። ይቁም ከተባለ ደረጃ በደረጃ ይቀንሱ፦ 20 ሚሊ ግራሙን ለሁለት ሳምንት ቀን ዘልሎ፣ ከዚያ በሦስት ቀን አንዴ። አወሳሰዱንም ይፈትሹ። ከምግብ በኋላ የተዋጠ ኦሜፕራዞል ሥራውን በሚገባ አይሠራም፤ ከመጀመሪያው ምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ነው። 9 ሰዓት የሚፈታ ጾመኛ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይውሰደው። በአገራችን የተስፋፋውን የኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ በሰገራ ሊመረመሩ ከሆነ ኦሜፕራዞሉ ከ14 ቀን በፊት፣ አንቲባዮቲክ ከነበረ ከ28 ቀን በፊት መቆም አለበት፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። በደም የሚሠራው ምርመራ ከዳኑ በኋላም «አለ» ሊል ስለሚችል፣ መዳንዎን ለማወቅ አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ አባቴ 58 ዓመታቸው ነው። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጡ ደረታቸውን ያቃጥላቸዋል፤ ቆም ሲሉ ይተዋቸዋል። «ቃር ነው» ብለው ሐኪም ቤት እምቢ አሉ።

መልስ፦ በዳገት የሚመጣ፣ በእረፍት የሚሄድ ማቃጠል የልብ ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው፤ ልብ ደህና መሆኑ እስኪረጋገጥ ቃር አይባልም። በዚህ ሳምንት ይዘዋቸው ሄደው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይደረግላቸው፤ ተኝተው ሲነሡት ንጹሕ ቢወጣም በእንቅስቃሴ ጊዜ እንደሚመጣ ይናገሩ። እስከዚያ ዳገቱን በእግር አይውጡ። ተቀምጠው እያለ ከጀመራቸው፣ ላብ ካጠመቃቸው፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ ከወጣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። እንደዚሁ ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው፣ ሳያስበው የከሳ፣ ደም የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረበት ሰው ተልባውንም ደብተሩንም ትቶ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ደም ያስመለሰውና ሰገራው የጠቆረበት በዚያው ቀን።