ለተከራይ ተማሪ ምን ይሰነቅ?

እህቴ፣ ስለ ወንድምሽ የጻፍሽውን አነበብኩት። ልጁ 15 ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ከገጠር ወጥቶ ቡሬ ከተማ ተከራይቶ 9ኛ ክፍል ጀምሯል። እሁድ እሁድ ከቤት ስንቁን ይዞ ይመለሳል። ሐሙስ ሲደርስ ግን በሻይና በብስኩት ነው የሚውለው፣ ከስቷል፣ ክፍል ውስጥም ያንቀላፋል ብለሻል። «እንጀራውን እንጨምርለት ወይስ ገንዘብ እንስጠው?» ነው ጥያቄሽ።

እኔ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ግቢያችን ውስጥ ያሉትን ክፍሎች ደግሞ ከቆየ ጀምሮ ለተማሪ ነው የምናከራየው። ከደጋ ዳሞትም፣ ከቋሪትም የመጡ ልጆች ኖረውባቸዋል። ስለዚህ ጠዋት ክፍል ውስጥ ዴስክ ላይ የሚደፋውን ልጅ፣ ማታ ምን በልቶ እንዳደረ አውቀዋለሁ።

መልሴን ላስቀድምልሽ። እንጀራ አትጨምሩለት። ቀድሞ የሚያልቅበት እንጀራው ሳይሆን ማባያው ነው።

ይሄ ብዙ ቤተሰብ አይታየውም። እናት ልጄን እንዳይርበው ብላ የምትጨምረው እንጀራ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ሁሉም አለ፣ ልጁ ጥግብ ብሎ ይበላል። ረቡዕ ማታ ሽሮው ያልቃል። እንጀራው ግን ገና ነው። እሱም በሦስተኛው በአራተኛው ቀን መሻገት ይጀምራል፣ በተለይ በፌስታል ታስሮ ባልዲ ውስጥ ከከረመ። አንድ ማታ አንዱን ተከራያችንን አምፖል ስር ቁጭ ብሎ አገኘሁት። የእንጀራውን አረንጓዴ ነጥብ በምላጭ ዙሪያውን እየቆረጠ ያወጣል። የተረፈውን በድቁስ በርበሬና በውሃ አርሶ በላው። ወጥ የለ፣ ሽንኩርት የለ። በነጋታው የቀረውን እንጀራ ለዶሮዎቼ ደፋና ሻይ በብስኩት ቀምሶ ሄደ። ያ ልጅ አምስት እንጀራ ቢጨመርለት ኖሮ የሚወፍሩት ዶሮዎቼ ነበሩ።

በነገራችን ላይ ሻጋታውን ቆርጦ ቀሪውን መብላት ደህና አይደለም። ዓይን የሚያየው ላይኛውን ብቻ ነው፣ የሻጋታው ክር ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ይሄን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ማታ ግን ምላጩ ይወጣል።

እንጀራውን ለሦስት ቀን የሚሆነውን ያህል ብቻ ስጡት። የተረፈውን ቀን የማይሻግት ነገር ይሸፍነው።

ከሁሉ በፊት ሽሮ። አሁን የምትሰጡትን ጨምሩለት፣ እስከ ዓርብ የሚያደርሰው መሆን አለበት። ሽሮ ለተማሪ ሥጋው ነው። ጤፉ፣ በቆሎውና ዳጉሳው የሚያንሳቸውን ገንቢ ንጥረ ነገር ባቄላው፣ አተሩና ሽምብራው ይሞሉታል። እህሉና ጥራጥሬው አንድ ላይ ሲበሉ ነው ልጅ የሚያሳድጉት። 15 ዓመት ደግሞ ቁመት የሚመዘዝበት ዕድሜ ነው፤ ዓምና የተሰፋለት ሱሪ ዘንድሮ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አይደርስም። እንጀራ በበርበሬ ሆድ ይሞላል፣ ጡንቻ ግን አይሠራም። እናንተ ከሳ የምትሉት ልጅ ሆዱ ባዶ ሆኖ ላይሆን ይችላል።

ሽሮው ከምን እንደተፈጨ ግን ጠይቂ። እኛ አገር ጓያ አለ። ጓያ ሌላው ሰብል ሲከዳ የማይከዳ፣ ርካሽ እህል ነው፤ አልጠላውም። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ አድርጎ የበላውን ሰው ነርቭ ይጎዳል፣ እግሩን ይይዘዋል። ጓያ ሰበረው የሚባለው እሱ ነው። ከያዘ በኋላ አይመለስም። በብዛት የሚያገኘውም ወጣት ወንዶችን ነው፤ ወንድምሽ ዕድሜው ላይ ነው። ይበልጥ የሚያሰጋው ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ ነው። ስለዚህ የጓያ ቆሎ አትቋጥሩለት። ሽሮውም የባቄላ፣ የአተር ወይ የሽምብራ ይሁን።

ሌላው በሶ ነው። ወንድምሽ የጠዋት ፈረቃ ከሆነ ከ2 ሰዓት በፊት ከቤት መውጣት አለበት። ከሰል አያይዞ ቁርስ የሚሠራ የ15 ዓመት ልጅ እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ ሳይበላ ይሄዳል። ማታ 1 ሰዓት ላይ የበላ ልጅ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ምንም ሳይቀምስ ቢቆይ ስንት ሰዓት እንደሆነ አስቢው። እኔ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ሚቶኮንድሪያ ስል እሱ የሚያየው ሰዓቱን ነው። በሶ ደግሞ ምድጃ አይፈልግም፤ ገብሱ ቀድሞ ተቆልቷል። ጥቂት ማንኪያ በኩባያ ውሃ በጥብጦ፣ ጨው ወይ ትንሽ ስኳር ጣል አድርጎ ጠጥቶ ይወጣል። ጊዜ ካለው በዘይት ለውሶ ጭብጦ ያደርገዋል፣ በቦርሳው ይዞት ይሄዳል። ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ ወይ ኑግ ብታክሉበት ደግሞ ቅባት ስላለው ይበልጥ ይይዘዋል።

እዚህ ላይ አንዳንድ አባቶች «የቆሎ ተማሪ በቁራሽ እየኖረ ቅኔ ይቆጥር የለ?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ የዋሸራና የዲማ አገር ሰዎች ነን፤ በቁራሽ ያደገ ሊቅ ሞልቶናል። እነዚያ ግን ተርበውም የተማሩ ናቸው። ርሃብ ያስቀራቸውን የቆጠረ የለም።

ቆሎና ድርቆሽ ለዓርብ ነው። ቆሎው ስንዴ ወይ ገብስ ብቻ ከሚሆን ሽምብራ ወይ ሱፍ ይደባለቅበት። ድርቆሹ ፀሐይ ላይ ኩርምት እስኪል ይድረቅ፣ ለስለስ ያለ ነገር ካለበት እሱም ይሻግታል። በሽሮ ፍትፍት አድርጎ ቢበላው ከትኩስ እንጀራ አይተናነስም። ድንችና ሽንኩርትም ላኩለት፣ ሳምንት ሙሉ አይበላሹም። ጎመን ግን ከዚያው ከገበያ ይግዛ።

አሁን ስለ ትምህርት ቤት በር። ሁላችንም ብስኩትና ፓስቲ ላይ እንፈርዳለን። እኔ ሁሉንም በአንድ አልፈርጅም። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ የምትሸጠውን ሴትዮ እግዜር ይስጥልኝ ነው የምላት፤ ድንቹ ትኩስ ነው፣ ያጠግባል። አገዳውም ጥርስ እንዳያበላሽ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። የማልወደው ቀኑን ሙሉ እየተደጋገመ የተጠበሰበትን ጥቁር ዘይት ነው። ያንን ዘይት ከሩቅ በጠረኑ ትለዪዋለሽ። ከዚያ ለስላሳ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፣ ከ7 የሻይ ማንኪያ አያንስም። ልጁ ጠጥቶት ለግማሽ ሰዓት ይነቃል፣ ከዚያ መልሶ ይርበዋል። ያንን ገንዘብ ይዞ ገበያ ቢወጣ ሙዝ ወይ አቮካዶ፣ በወቅቱም ማንጎ ያገኝበታል። እናንተ አካባቢ ፍራፍሬ ብርቅ አይደለም። ልጆቹ ግን ማንጎ መብላት የገጠር ልጅ ያስመስላል ብለው ያፍራሉ፤ እጅ ላይ ለስላሳ መያዝ ነው ከተሜነቱ። ይሄን በምክር አትፈቺውም። ቦርሳው ውስጥ አንድ ሁለት ፍሬ ክተቱለትና ዝም በሉ፣ ማንም ሳያየው ይበላታል።

ስለ ሻይ ግን አንድ ነገር ንገሪው። ምግብ እንደበላ ወዲያው አይጠጣ፣ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ጤፍና ሽሮ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ሻዩ ይይዝበታል። ጥሬ ቃሪያ ወይ ሎሚ ደግሞ በተቃራኒው ያግዛል። ሽሮው ላይ ቃሪያ እየገመጠ ይብላ ማለት ነው፤ ይሄን ለጎጃም ልጅ ማስተማር አያስፈልግም።

የጠየቅሽው ስለ ወንድ ልጅ ነው፣ ግን ስለ ሴቶቹም ልበል። እኛ ግቢ ወንድምና እህት አንድ ክፍል ሲከራዩ የምታበስለው እሷ ናት፣ ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው። ማባያው ሲያንስ የምትቀንሰው ከራሷ ነው። ከ14 እስከ 18 ዓመት ላለች ልጅ በቀን 15 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይመከራል፣ ለወንዱ 11። በየወሩ ደም ስለሚፈሳት ነው ልዩነቱ። ማን ሽሮውን ማግኘት እንዳለበት ከዚህ ይታያል። ታናሽ እህት ካለችሽና ነገ ከሱ ጋር የምትከራይ ከሆነ፣ ስንቁን ስትቋጥሩ የእሷን ለብቻው ቋጥሩላት።

ጾሙስ ያልሽው አለ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል የለም፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን። እኔም እጾማለሁ፣ ልጆቼም ይጾማሉ። የጾሙ ምግብ በራሱ ችግር የለበትም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ተልባ ከተገኙ ልጅ ያድግባቸዋል። የሚከብደው እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ መቆየቱ ነው። ፈተና ላለበትና ለሚያድግ ልጅ ስንት ሰዓት ድረስ እንደሚጾም የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ አባቶች ዕድሜና አቅም አይተው ያቀልላሉ። በፍስክ ቀን ደግሞ እንቁላል አትርሱለት። ቤታችሁ ዶሮ ካለ ከገበያ በፊት ለሱ ይቀመጥ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ቀቅሎ ይዞት ይሄዳል።

ጨው ትንሽ ነገር ትመስላለች። በአገራችን ጨው አዮዲን እንዲኖረው የግድ የሆነው በ2003 ዓ.ም. ነው። ደጋው አካባቢ እንቅርት ያለባቸውን አሮጊቶች አይተሽ ይሆናል፤ የአዮዲን እጥረት ነው። እጥረቱ የልጆችንም አእምሮ ያደክማል። የታሸገውን፣ አዮዲን ያለው የሚለውን ግዙለት። ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጠው፣ ወጡ ሲወርድ ይጨምረው።

ይሄን ሁሉ ብትልኩ ግን ልጁ ማብሰል ካልቻለ ዋጋ የለውም። እኛ አገር ወንድ ልጅ ማጀት ከገባ ይሳቅበታል። ከዚያ አንድ ቀን ስንቁን አሸክመን ከተማ እንልከዋለን፣ ሽሮውንም በጥሬው። የሚመጣውን ቅዳሜ እናትሽ ጎን ቁሞ ሽሮ ይሥራ። ሽንኩርት ማቁላላት፣ ሽሮውን ሳይጓጉል መበተን፣ ድንች መቀቀል፣ ይበቃዋል። ኪራይ ስትከፍሉለትም አከራዩን የኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈቅዱ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ አከራይ አይፈቅድም፣ ቆጣሪው ይፈጥናል። እኔ ትንሽ ጨምሬ አስከፍልና እፈቅዳለሁ፣ ምክንያቱም ሌላው አማራጭ ከሰል ነው። ከሰል ከሆነ በር ተዘግቶ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል። ከጓደኞቹ ጋር ተራ ገብተው ቢያበስሉ ጥሩ ነው፣ አንዱ ሰነፍ ከሆነ ግን ረቡዕ ላይ ሁሉም ይጣላሉ። ከማን ጋር እንደሚኖር ሄደሽ እይ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ስጡት። ትምህርት ቤት የሚሰጠው ምገባ በአብዛኛው ለታች ክፍሎች ስለሆነ እዚያ ላይ አትቁጠሩ። በየወሩ ሳይሆን በየሳምንቱ ይሁን፤ የወሩ ገንዘብ በመጀመሪያው ሳምንት የጓደኛ ግብዣና የኢንተርኔት ጥቅል ይሆናል። ከተቻለ የጎመን፣ የቲማቲምና የዘይት ተብሎ ይለይለት። የሚተርፈው የራሱ ይሁን፣ አትቆጣጠሩት፣ የዚያ ዕድሜ ልጅ ኪሱ ባዶ ሲሆን ያፍራል።

ሁለት ሦስት ሳምንት በዚህ በልቶም ማንቀላፋቱ ካልተወው ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ደም ማነስ ሊሆን ይችላል፣ የሆድ ትላትል ሊሆን ይችላል፤ አካባቢውም የወባ አካባቢ ነው፣ ያንንም ይመርምሩት። ከዚያ በፊት ግን ማታ ስልኩን እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያይ አብሮት የሚኖረውን ልጅ ጠይቂው። ወንድምሽን ራሱን ከጠየቅሽው አይነግርሽም።