የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዕድሜው የገፋና ጉዳት የሚመላለስበት አጥቂ ያዋጣል?

የዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር የሚደርሱን ጥያቄዎች አንድ ጉዳይ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ሰላሳን ስለተሻገረና ከሕክምና ክፍል ስለማይጠፋ አጥቂ። ስድስቱን መርጠን መልሰናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምደግፈው ክለብ የ33 ዓመት አጥቂ ሊያስፈርም ነው። ባለፈው የውድድር ዘመን 10 የሊግ ግብ አስቆጥሯል፤ ግን ግማሹን ዓመት በጉዳት ነው ያሳለፈው። ጓደኞቼ «በዚህ ገንዘብ ጤነኛ ወጣት አይሻልም ወይ?» ይላሉ። ልክ ናቸው?

መልስ፦ ልክ መሆናቸውን የሚወስነው ክለቡ ሁለተኛ አጥቂ ብሎ የያዘው ሰው ነው። በቁጥር እናሳይዎት።

መጀመሪያ ከ10ሩ ግቦች የፍፁም ቅጣት ምቶቹን ይቀንሱ። እሱ ባይኖር ሌላ ሰው ይመታቸዋል፤ በአማካይም ከአራቱ ሦስቱ ያህል ይገባሉ። ሦስቱ የፍፁም ቅጣት ምት ከነበሩ በጨዋታ ያስቆጠራቸው 7 ናቸው። በ1,500 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ በየ90 ደቂቃው 0.42 ግብ ይደርሰዋል፤ ይህ የጥሩ አጥቂ ቁጥር ነው። ሆኖም 20 ክለቦች ያሉት ሊግ 38 ጨዋታ፣ ማለትም 3,420 ደቂቃ አለው። የቀረውን 1,920 ደቂቃ ማን ይጫወተዋል?

ከጎኑ ጤነኛውን ወጣት እናስቀምጥ፤ 2,900 ደቂቃ ይሰለፋል፣ በየ90 ደቂቃው 0.33 ያገባል። ተተኪው 0.20 ብቻ የሚያገባ ደካማ ከሆነ ቡድኑ ከዚያ ቦታ በአንጋፋው 11.3 ያህል፣ በወጣቱ 11.8 ያህል ግብ ያገኛል። ወጣቱ ይበልጣል። ተተኪው 0.30 የሚያገባ ደህና አጥቂ ሲሆን ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ከአንጋፋው ጋር 13.4፣ ከወጣቱ ጋር 12.4። ስለዚህ ክለብዎ አንጋፋውን አስፈርሞ ሁለተኛውን አጥቂ በዚያው መስኮት ከሸጠ ተበልቷል ማለት ነው። ብዙ ክለቦች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ትልቅ ስም ሲመጣ ከሥሩ ያለውን ሰው ትርፍ አድርገው ያዩታል።

የጣሊያኑ ኤሲ ሚላን ይህን በደንብ አሳይቷል። ዝላታን ኢብራሂሞቪች በ38 ዓመቱ በጥር 2020 ሲመለስ የፈረመው እስከ ውድድር ዘመኑ ማብቂያ ድረስ ብቻ ነበር። በ2020/21 በሊጉ የተሰለፈው 19 ጨዋታ፣ ልክ የሊጉን ግማሽ ነው፤ 15 ግብ አስቆጠረ። ሌላውን ግማሽ የሸፈኑለት ሰዎች ስለነበሩ ሚላን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። በቀጣዩ ክረምት ክለቡ የ34 ዓመቱን ኦሊቪየ ዢሩን ጨመረ። ዢሩ 11፣ ኢብራሂሞቪች 8 የሊግ ግብ አገቡና በ2022 ዋንጫው መጣ። ሁለቱ ተደምረው አንድ ሙሉ አጥቂ ሆኑ።

ሂሳቡ የማያሳየው ነገርም አለ። ቡድኑ ከላይ ጀምሮ ተጋጣሚን የሚጫን ከሆነና አጥቂው መሮጥ ካልቻለ ዕዳውን የሚከፍለው አማካዩ ነው፤ ክፍተቱን ለመዝጋት አምስት አሥር ሜትር ወደፊት ይወጣል፣ ከጀርባው ባዶ ሜዳ ይተዋል። ሉዊስ ሱዋሬዝ በ33 ዓመቱ ከባርሴሎና ወደ አትሌቲኮ ማድሪድ ሄዶ በ2020/21 21 የሊግ ግብ ሲያገባና ቡድኑ ሪያል ማድሪድን በሁለት ነጥብ በልጦ ዋንጫ ሲወስድ፣ ከኋላው ተደራጅቶ የሚከላከልና የሚሮጥለት ቡድን ነበረው። የእርስዎ ክለብ እንዲህ ዓይነት ቡድን ካለው ይግዛው እንላለን።

ጥያቄ፦ አንዱ አጥቂ የጉልበት ጅማቱ አንድ ጊዜ ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ሌላው በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የታፋውን የኋላ ጡንቻ ተጎድቷል። የትኛው የበለጠ ያሰጋል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው። የታፋ የኋላ ጡንቻ፣ ብዙዎች ሃምስትሪንግ የሚሉት፣ በወንዶች ፕሮፌሽናል እግር ኳስ በብዛት የሚደርሰው ጉዳት ነው። በአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር የረጅም ዘመን የጉዳት ጥናት በ2001/02 ከሁሉም ጉዳቶች 12 በመቶ የነበረው ድርሻ በ2021/22 ወደ 24 በመቶ አድጓል። ለዚህ ጉዳት ከሚያጋልጡ ነገሮች ዋነኛው ደግሞ ያው ቀድሞ በዚያው ቦታ መጎዳት ነው። ዕድሜ ይከተላል።

ጡንቻው የሚጎዳው በአብዛኛው በሙሉ ፍጥነት ሩጫ፣ እግር ወደፊት ተዘርግቶ መሬት ሊነካ ሲል ነው። በዚያች ቅጽበት ጡንቻው እየተለጠጠ እግሩን መግታት አለበት። ጠባሳ ያለበት ወይም የደከመ ጡንቻ ይህን አይችልም።

የጉዳት መዝገቡን ሲያዩ ቁጥሩን ብቻ አይቁጠሩ። ተከላካይ ረግጦት የተሰበረ ቁርጭምጭሚት መጥፎ ዕድል ነው፤ ከዝርዝሩ ያውጡት። የቀሩትን በሦስት ጥያቄ ይፈትሹ። ጉዳቱ የተደገመው ወደ ሜዳ በተመለሰ በሁለት ወር ውስጥ ነው? ከሆነ ቸኩለው መልሰውታል፤ ይህ ታጋሽ ሐኪም ያለው ክለብ ሊያስተካክለው የሚችል ነገር ነው። ቦታው ይቀያየራል፤ አንዴ ባት፣ አንዴ ብሽሽት፣ አንዴ ታፋ? ይህ ይበልጥ ያሳስበናል፤ አንዱን የታመመ ቦታ ለማዳን ሌላውን እያስጨነቀ ነው። ሦስተኛ፣ ጉዳቱ በጡንቻው ውስጥ የሚያልፈውን ጅማት ነክቷል? በኤምአርአይ ይታያል። ከነካ ማገገሚያው ይረዝማል፣ የመደገም ዕድሉም ከፍ ይላል።

የጉልበት ጅማቱ የተበጠሰውን በተመለከተ ወሳኙ ቀኑ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ወደ ጨዋታ መመለስ እንደገና የመጎዳት አደጋን በእጅጉ ይጨምራል፤ የፍጥነትና የመታጠፍ ድፍረት ከዚያም በኋላ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ራዳሜል ፋልካኦ በጥር 2014 ጉልበቱ ተጎድቶ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ማንቸስተር ዩናይትድ በውሰት ወሰደው። በ26 የሊግ ጨዋታ 4 ግብ ብቻ አገባ። ያው ሰው በ2016/17 ለሞናኮ 21 የሊግ ግብ አስቆጥሮ ሻምፒዮን ሆነ። ሰውየው አላለቀለትም ነበር፤ የተወሰደው ያለጊዜው ነው።

ጥያቄ፦ ውሉ ስላለቀ በነፃ ይመጣል እየተባለ ነው። በነፃ ከሆነ ምን ይጎዳል?

መልስ፦ በነፃ የሚባለው ለቀድሞ ክለቡ የሚከፈል ገንዘብ ስለሌለ ብቻ ነው። ያ ገንዘብ በፊርማ ጉርሻ፣ በወኪል ክፍያና ከፍ ባለ ደመወዝ መልክ ተመልሶ ይመጣል። ሁሉንም ደምረው ይጫወታል ተብሎ ለሚጠበቀው ደቂቃ ያካፍሉት። በሁለት ዓመት 8 ሚሊዮን ዩሮ የሚወስድና በዓመት 1,500 ደቂቃ የሚሰለፍ ሰው እያንዳንዱ 90 ደቂቃው 240 ሺህ ዩሮ ያወጣል። በዝውውር ክፍያ የመጣ ከሆነ ደግሞ ክፍያው በውሉ ዓመታት ተከፋፍሎ በሂሳብ መዝገብ ላይ ይቀመጣል፤ መልሶ መሸጫ ዋጋውን ዜሮ አድርገው ይያዙ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ተጫዋች ሲፈርም ውሉ ላይ ምን መጻፍ አለበት? «ሲጫወት ብቻ ይከፈለው» የሚባለው ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፤ አጻጻፉ ላይ ግን ብዙ ይበላሻል።

በመጀመሪያ ምርመራው ከፊርማው በፊት ያልቃል። የፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ አንቀጽ 18 የውል መጽናት በሕክምና ምርመራ ማለፍ ላይ እንዳይመሠረት ይከለክላል። ከተፈረመ በኋላ «ጉልበቱ ጥሩ አይደለም» ማለት አያድንም።

ምርመራው ራሱ ፎቶ ማንሳት ብቻ እንዳይሆን። ከሰላሳ በላይ የሆነ አጥቂ ጉልበት በኤምአርአይ ሲታይ አንዳች ነገር አይጠፋበትም። ስለዚህ ሁለት ቀን ጠንካራ ሥራ አሠርተው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጉልበቱ አብጦ እንደሆነ ይዩ። የግራና የቀኝ ታፋው ጥንካሬ ተለክቶ ይነጻጸር፤ ደካማው እግር ከጠንካራው ቢያንስ 90 በመቶ እንዲደርስ ይጠበቃል። ከቀድሞው ክለብ የ12 ወር የጂፒኤስ መረጃ፣ ማለትም ተጫዋቹ የሚለብሰው መሣሪያ የመዘገበው የሩጫ ልክ፣ ይጠየቅ፤ በየሳምንቱ በሙሉ ፍጥነት ስንት ጊዜ ሮጧል? ከወር ወር እየቀነሰ የሚሄድ መስመር ካዩ ከየትኛውም ምስል በላይ ይናገራል።

ወደ ክፍያው እንምጣ። ለእያንዳንዱ ተሰልፎ ለገባበት ጨዋታ ጉርሻ ሲቀመጥ ሁለት ችግር ይመጣል። ተጫዋቹ ሕመሙን ደብቆ ይገባል፤ ቀላል የነበረው ጉዳት የሁለት ወር ይሆናል። ውሉ «25 ጨዋታ ከጀመረ አንድ ዓመት ይጨመርለታል» የሚል ከሆነ ደግሞ 24ኛው ላይ አስተዳደሩ ተጫዋቹን ወንበር ላይ እንዲያስቀምጠው አሰልጣኙን ይገፋዋል፤ መልበሻ ክፍሉ በሙሉ ምክንያቱን ያውቃል። እኛ የምንመርጠው ጉርሻው ለጨዋታው ቀን ስብስብ ጤነኛ ሆኖ ለመገኘት እንዲከፈል ነው። ወንበር ላይም ቢቀመጥ ይከፈለዋል፤ ሁለቱም ወገን የሚጠቀመው ጤናው ሲጠበቅ ነው። የውሉ ዕድሜ አንድ ዓመት ሆኖ ማራዘሚያው በሁለቱ ስምምነት ቢሆን ይመረጣል። ዳኒ ዌልቤክ በጥቅምት 2020 ብራይተን ሲገባ የፈረመው የአንድ ዓመት ውል ነበር፤ እየታየ ታደሰለትና በ2024/25 በ34 ዓመቱ 10 የሊግ ግብ አገባ።

የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ከሆነ ደግሞ በግዴታ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የፊፋ የክለቦች ጥበቃ መርሐ ግብር አለ፤ ክለቡን የሚክሰው ግን ከ28 ተከታታይ ቀን በላይ ለሚቆይ ጉዳት ብቻ ነው። የሁለት ሳምንት የታፋ ጉዳት በክለቡ ላይ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የማሠለጥነው ቡድን ውስጥ የ34 ዓመት አጥቂ አለ። በሳምንት ሁለት ጨዋታ ሲኖረን እንዴት ላሰልፈው?

መልስ፦ በአንዱ ያስጀምሩት፣ በሌላው ከ65ኛው ደቂቃ በኋላ ያስገቡት። አምስት ተቀያሪ መፈቀዱ ለእንዲህ ያለ አጥቂ ትልቅ በረከት ነው፤ የደከመ ተከላካይ ላይ የሚገባ ብልህ አጥቂ 25 ደቂቃ ይበቃዋል።

ትልቁ ስህተት «ይረፍ» ብሎ ከፈጣን ሩጫ ጨርሶ ማራቅ ነው። ሦስት ሳምንት በሙሉ ፍጥነት ያልሮጠ ጡንቻ በአራተኛው ሳምንት በጨዋታ መሐል ሲጠየቅ ይቀደዳል። ስለዚህ ጨዋታ በማይጀምርበት ሳምንት ከ30 እስከ 40 ሜትር የሚሆን ከአራት እስከ ስድስት ሩጫ፣ ከከፍተኛ ፍጥነቱ 90 በመቶ በላይ፣ በመሐሉ በቂ እረፍት እየሰጡ ያሠሩት። በጉልበት ተንበርክኮ፣ ሌላ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ይዞለት፣ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ ቀስ እያሉ ወደፊት መውረድ፣ ኖርዲክ የሚባለው እንቅስቃሴ፣ በሚገባ ከተሠራ የታፋ ጉዳትን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሦስት ዙር፣ በዙር ከአራት እስከ ስድስት ይበቃል። ከጨዋታ በፊት ባለው ቀን አይሠራም፤ ጡንቻውን ያሳምማል።

ተቀያሪ ሲሆን ደግሞ ከወንበር ተነሥቶ በቀጥታ እንዳይገባ። በእረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ ይሙቅ፤ ከመግባቱ በፊት ፍጥነቱን እየጨመረ አራት አምስት ጊዜ ይሩጥ።

ጥያቄ፦ እኛ ተመልካቾች የሕክምና መዝገብ አናገኝም። በስክሪን ምን እናስተውል?

መልስ፦ ግቡን ትተው እግሩን ይመልከቱ። ለግንባር ኳስ ዘልሎ ሲወርድ ሁልጊዜ በአንድ እግሩ ብቻ የሚያርፍ ከሆነ ሌላውን እያዳነ ነው። ከተከላካይ ጀርባ ረጅም ኳስ ሲጣልለት እርምጃውን ይከፍታል ወይስ አጫጭር እርምጃ እየረገጠ ኳሱ እስኪያልፍ ይጠብቃል? በሩጫ መጨረሻ ሲቆም በሁለት ሦስት እርምጃ ይገታል ወይስ ሰፊ ቅስት ሠርቶ ይዞራል? በድንገት መቆም ከመሮጥ በላይ ጉልበትን ይፈትናል፤ የሚፈራ አጥቂ እሱን ነው የሚሸሸው።

ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ደግሞ ኳስ ሌላኛው ጥግ ሳለ የት እንደሚቆም ይዩ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቢያርፍም፣ መስቀለኛ ኳሱ ሊመታ ሲል በተከላካዩ ዓይን የማይታይበት ትከሻ ጀርባ ሁለት እርምጃ ካስተካከለ ጥሩ ነው፤ ዕድሜ የማይወስደው ችሎታ ያ ነው። ኳሱ ከተመታ በኋላ መንቀሳቀስ ከጀመረ ግን ያ ሰው ድሮ በፍጥነቱ ነበር የሚያገባው፤ ፍጥነቱ ሲሄድ የሚተካው ነገር የለውም። ክለብዎ ሊያስፈርመው የሚያስበው አጥቂ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ሙሉ ጨዋታ ይበቃል፤ የግብ ቅንጥብጣቢ ቪዲዮ ግን ይህን አያሳይም።