«ሙከራ» ወይስ «ትራይ»? የራግቢ ውጤት በአማርኛ ሲጻፍ

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። በጥር መጨረሻ ተጀምሮ በመጋቢት የሚያልቀውን የአውሮፓ የራግቢ ሻምፒዮና ማየት ላልቻሉ ጓደኞቼ ውጤቱን በስልክ እጽፍላቸዋለሁ። «አየርላንድ አራት ሙከራ አደረገች» ስላቸው «ታዲያ አንድም አላገባችም?» ይሉኛል። ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው? ውድድሩስ «የስድስቱ ብሔሮች» ይባላል ወይስ «የስድስቱ አገሮች»?

መልስ፦ ጓደኞችዎ አማርኛውን በትክክል ተረድተዋል። በእግር ኳስ ወሬ «ሙከራ» ሲባል ሰው የሚገባው ወደ ጎል ተመትቶ ያልገባ ኳስ ነው። በራግቢ «ትራይ» ግን የተሳካ ነገር ነው፦ ተጫዋቹ በተጋጣሚው የጎል መስመር ላይ ወይም መስመሩን አልፎ ኳሱን መሬት ሲያስነካ 5 ነጥብ ያገኛል። ስሙ የድሮው ሕግ ቅሪት ነው። ያኔ መሬት ማስነካቱ ራሱ ነጥብ አልነበረውም፤ ወደ ጎል መትቶ ለመሞከር ብቻ ያበቃ ነበር። ሕጉ ሲለወጥ ስሙ እንዳለ ቆየ። ስለዚህ አይተርጉሙት፤ «አራት ትራይ አስቆጠረች» ይበሉ። «ለገሃር»ም እንዲሁ ነው የገባው፤ በፈረንሳይኛ «ላ ጋር»፣ ጣቢያው ማለት ነው። ከባቡሩ ጋር መጣ፣ አማርኛም ሳይተረጉም ከነ«ላ»ው ወሰደው።

ከቁጥር በኋላ «ትራዮች» ማለት አያስፈልግም፤ «ሦስት ጎል» እንደምንለው «ሦስት ትራይ» ይበቃል። «ትራይ አገባ» ግን አይሆንም፤ የሚገባ ኳስ የለማ።

ከትራዩ በኋላ በእግር የሚመታው ኳስ ላይ ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ። «ኳሱን ከአግዳሚው በላይ ሰደደው» ያሉት እንደሆነ የእግር ኳስ ተመልካች «ሳተ» ብሎ ያዝናል። በራግቢ ግን ኳሱ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ከአግዳሚው በላይ ካለፈ 2 ነጥብ ነው። «በአግዳሚው ላይ አሳልፎ 2 ነጥብ ጨመረ» ቢሉ ጥርጣሬ አይኖርም።

«ጠልፎ ጣለው»ም ያሳስታል። መጥለፍ በእግር ነው፤ በራግቢም ጥፋት ነው። ሕጋዊው አጣጣል ኳስ የያዘውን ሰው በክንድ ይዞ መጣል ስለሆነ «አቅፎ ጣለው» ይበሉ። ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝለትም።

ወደ ስሙ ስንመጣ፣ «ብሔር» በእኛ አገር የፖለቲካ አማርኛ ሌላ ሥራ ስለያዘ ይለፍ። «አገር» ሰፊ ነው፤ በአዲስ አበባ «አገርህ የት ነው?» የተባለ ሰው «ሐረር» ብሎ ይመልሳል። ይህ ስፋት እዚህ ይጠቅመናል፦ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ በአንድ መንግሥት ሥር ሆነው ለየብቻ ይሰለፋሉ፤ የአየርላንድ ቡድን ደግሞ ሪፐብሊኩንና ሰሜን አየርላንድን አንድ ላይ ይወክላል። ፈረንሳይና ጣልያን ሲጨመሩ ስድስት ይሞላሉ። ጣልያን የገባችው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ስላለው ሲጽፉ «አምስቱ አገሮች» ይሆናል።

«ግራንድ ስላም»ን ሰው ከቴኒስ ስለሚያውቀው «አምስቱንም ጨዋታ አሸነፈች» ብለው ያብራሩ። በእንግሊዞቹ ዘንድ መጨረሻ የወጣው «የእንጨት ማንኪያ» ወሰደ ይባላል፤ የሚሰጥ ማንኪያ ግን የለም። «ውራ ወጣች» ይበሉ፣ አማርኛው ሙሉ ነው።

የመጨረሻው ችግር «ነጥብ» ነው፤ የጨዋታውም የሰንጠረዡም ስም አንድ ሆነ። ይለያዩዋቸው፦ ማሸነፍ በሰንጠረዡ 4 ነጥብ ሲያስገኝ፣ አራትና ከዚያ በላይ ትራይ ማስቆጠር 1 ይጨምራል፤ በ7 ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት መሸነፍም 1 ያስገኛል። እንበልና፦ «አየርላንድ ጣልያንን 27 ለ 20 ረታች፤ አራት ትራይ አስቆጥራ በሰንጠረዡ 5 ነጥብ ያዘች። ጣልያንም በ7 ብቻ በመበለጧ 1 አገኘች።»