ውሃ ዳር የምትግጥ ላም

ጥያቄ፦ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር የምትግጥ ላሜ ከስታለች፤ ወተቷም ቀንሷል። ማታ ከግጦሽ ስትመለስ ከአገጯ ሥር ያብጣል፣ ጠዋት ይቀንሳል። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ባለ 2500 ሚሊግራም አልቤንዳዞል ሰጥቻታለሁ። መድኃኒቱ የማይሠራ ሆኖ ነው? (ከአቃቂ)

መልስ፦ ምልክቱ የጉበት ትል ይመስላል። ትሉ ጉበቷን ሲያቆስልና ደሟን ሲመጥ በደሟ ያለው ፕሮቲን ይቀንሳል። ያኔ ውሃ ከደም ሥር ይወጣል፤ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ስለምትውል አገጯ ሥር ይቋጥራል።

መድኃኒቱን ከመውቀስዎ በፊት ክብደቷን ይለኩ። በልብስ ሰፊ ሜትር ደረቷን ከፊት እግሮቿ ኋላ ያዙሩ፤ ርዝመቷንም ከትከሻዋ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቷ ይያዙ። ዙሪያውን በራሱ፣ ከዚያም በርዝመቱ ያባዙና ለ10,840 ያካፍሉት። ዙሪያዋ 165፣ ርዝመቷ 140 ሴንቲሜትር ከሆነ 350 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ለጉበት ትል በኪሎ 10 ሚሊግራም ስለሚያስፈልግ 3,500 ይሆናል ማለት ነው። እርስዎ የሰጡት አንዱ ክኒን ብቻውን አይበቃም፤ ባለ 300 አራት ሊጨመርበት ይገባ ነበር። በግምት መስጠት በብዙ ቤት የሚሠራ ስህተት ነው፣ ትሉንም መድኃኒት ያስለምደዋል።

መጠኑ ቢሟላም አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ነው። ጉበት ውስጥ ገና የሚጓዘው ጮርቃ ይተርፋል፤ ስለዚህ ከ10 ሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል። ትሪክላቤንዳዞል ጮርቃውንም ይገድላል፤ ለምትታለብ ላም ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይስጡ። አልቤንዳዞልም በኮርማ ከተጠቃች ገና 45 ቀን ላልሞላት ላም አይሰጥም። ወተቷን ቢያንስ 3 ቀን አይጠቀሙበት፤ ማሸጊያው ረዘም ያለ ቀን ከጻፈ ያንን ይጠብቁ።

እበቷን ሲያስመረምሩ «በዝቅጠት ዘዴ ይታይልኝ» ይበሉ። የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ በማንሳፈፍ ዘዴ አይታይም፤ ብዙ ሰው «ነፃ ናት» ተብሎ የሚመለሰው በዚህ ነው።

ትሉን የምታገኘው ከሣሩ ነው። ረግረጉ ውስጥ ያለች ትንሽ ቀንድ አውጣ የምትለቀው እጭ ውሃ ዳር ሣር ላይ ተጣብቆ ይቆያል። በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲሸሽ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ዳሩን አጥረው ላሟን ከዚያ ያርቋት፤ ውሃም በገንዳ ያጠጧት። ረግረግ ላይ የበቀለ ቅጠል በጥሬው መብላት ሰውንም ያስይዛል፤ እባክዎ ልጆችዎን ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ መድኃኒት በጠርሙስ ያጠጣሁትን ወይፈን አሳለው፣ በማግስቱም ትንፋሹ ፈጠነ። ለምን? (ከቃሊቲ)

መልስ፦ መድኃኒቱ ሳንባው ገብቷል፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይይው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንገቱን ሽቅብ መጠምዘዝና ምላሱን ይዞ መሳብ ነው፤ እንዲህ ተይዞ መዋጥ አይችልም። ራሱ ከጀርባው መስመር በላይ አይነሳ። አንገተ ረጅም የፕላስቲክ ጠርሙስ ይጠቀሙ፤ ብርጭቆ በጥርሱ ይሰበራል። ጥርስ በሌለበት በከንፈሩ ጥግ አስገብተው ጥቂት ጥቂት ያፍስሱ። ሲውጥ ጉሮሮውን ይመልከቱ፤ ካሳለ ወዲያው ራሱን ይልቀቁት።