ሲስተርን እንጠይቅ፦ የአንጀት ፖሊፕና ካንሰር

ሐዋሳ፣ የእድራችን ቴሌግራም፣ ቅዳሜ ማታ። መላሿ ኢንዶስኮፒ ክፍል (ውስጥን በካሜራ ቱቦ የሚያዩበት) የሚሠሩት ጎረቤታችን ናቸው።

ከታቦር፦ ሲስተር፣ ወንድሜ ኮሎኖስኮፒ፣ ያ ትልቁን አንጀት በካሜራ ቱቦ የሚያዩበት፣ ታይቶ ፖሊፕ አለህ አሉት። ካንሰር ነው ማለት ነው?

ሲስተር፦ አይደለም። ፖሊፕ ከአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ ነው። አብዛኛው ካንሰር አይሆንም። የምንፈራው አዴኖማ የሚባለውን ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበላሸው ኤፒሲ የሚባል ዘረ መል ነው። የሴሉ ፍሬን በሉት። ፍሬኑ የተበጠሰ ሴል ዝም ብሎ ይባዛል። በዚያ ላይ ሌላ ብልሽት ይደረባል፣ ሌላም። ግድግዳውን ሰርስሮ ወደ ውስጥ ሲገባ ያኔ ካንሰር ሆነ እንላለን። ይሄ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ቀድሞ ከተገኘ እዚያው ኮሎኖስኮፒው ላይ ይቆረጣል። 1 ሳንቲ ሜትር የሞላው ደግሞ ከትንሹ ይልቅ ያሰጋል። የባዮፕሲውን፣ ማለትም የተቆረጠው ሥጋ የላብራቶሪ ምርመራ፣ ውጤት ሄዳችሁ ውሰዱ! ስንቱ ነው "ወጣልኝ" ብሎ በዚያው የሚቀረው።

ከፒያሳ፦ ኪንታሮት ወደ ካንሰር ይቀየራል?

ሲስተር፦ አይቀየርም። ኪንታሮት ያበጠ የደም ሥር ነው። ጣጣው ሌላ ነው። ደም ያየ ሁሉ "ኪንታሮቴ ነው" ብሎ ቅባት ይገዛል። ደምን በኪንታሮት አታሳብቡ፣ ታዩ።

ከአሞራ ገደል፦ ጥሬ ዓሣስ?

ሲስተር፦ የዛሬው ርዕስ ፖሊፕ ነው።

ከመናኸሪያ፦ አደገኛውስ ቁርጥ ነው!

ከአሞራ ገደል፦ አያቴ በ90 ዓመታቸው ቁርጥ ይበሉ ነበር።

ከመናኸሪያ፦ ያንተ አያት ደግሞ ለሁሉም ነገር ማስረጃ ናቸው።

ሲስተር፦ በቃችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ቀይ ሥጋን "ሳያመጣ አይቀርም"፣ እንደ ቋሊማ ያለውን "ያመጣል" ብሏል። አያትን አልጠቀሰም።

ከታቦር፦ እኔ ሆዴን ያመኛል። ምንድን ነው?

ሲስተር፦ የቱ ጋ? ከመቼ ጀምሮ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ከአላሙራ፦ አባቴ በአንጀት ካንሰር ነው ያረፈው። በ52 ዓመቱ ታወቀበት። እኔ 38 ነኝ፣ ምንም አያመኝም።

ሲስተር፦ ነፍስ ይማር። ፖሊፕ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ሕመም አትጠብቅ። አባት የታመመበት ሰው በ40 ዓመቱ ይታያል፣ ወይም አባቱ ከታወቀበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ። ከሁለቱ የሚቀድመውን ነው የምንይዘው። ላንተ 40 ነው። ከዚያ በፊት ደም ካየህ ግን 40ን አትጠብቅ።

ከፒያሳ፦ ይቅርታ፣ አሁን ገባሁ። ኪንታሮት ካንሰር ይሆናል እንዴ?

ሲስተር፦ ከላይ አንብብ! ቆይ፣ ደም ታያለህ እንዴ?

ከፒያሳ፦ ከፋሲካ ወዲህ። ቅባት እየቀባሁ ነው።

ሲስተር፦ ሰኞ ጠዋት ና። ቅባቱን እቤት ተወው።