ሰዓቱ ሲሽከረከር

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ አኒሜተር «ለአዛውንቶች የሚሠራ ቪዲዮ ፍጥነቱ ስንት ይሁን?» ብላ ጠየቀችኝ። ቁጥር ነበር የፈለገችው። እኔ ግን ሃርድ ዲስክ ውስጥ የቀረ አንድ ሥራ ትዝ አለኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ላደረጉ ሰዎች የተሠራ አኒሜሽን ነበር። ቤታቸው ሲገቡ ጠብታውን እንዴት እንደሚያደርጉ ያሳያል። እጅ መታጠብ፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ ማድረግ፣ የጠርሙሱን አፍ ዓይን ሳያስነኩ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ መጨፈን። ሌላ ዓይነት ጠብታ ከታዘዘ ደግሞ 5 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ ያወጣዋል። ይቺን 5 ደቂቃ በሁለት ሴኮንድ አሳየናት። የግድግዳ ሰዓት መጣ፣ ቆጣሪው ሽው ብሎ ዞረ፣ አለቀ። ከፊልም የለመድነው ነገር ነው።

ለታካሚዎች ስናሳይ አንዲት እናት አተኩረው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ሰዓት ምን ሆኖ ነው? ተበላሽቶ ነው?» አሉኝ። እስቲ ያሳዩኝ ስላቸው አንዱን ጠርሙስ አስቀምጠው ወዲያው ሌላውን አነሱ። ያዩትን ነው ያደረጉት። አጠገባቸው የነበሩት አባት ደግሞ ጽሑፉ ላይ ያለውን «8:00» ከምሳ በኋላ ነው ብለው ያዙት። ትክክል ናቸው፤ ጠዋት ለማለት «2 ሰዓት» መባል ነበረበት። ከውጭ ቴምፕሌት (አስቀድሞ ከተዘጋጀ ቅጽ) እንዳለ የመጣ ነበር።

እንደገና ሠራነው። ሰዓቱ ወጣ። ሰውየው ጠርሙሱን አስቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቁጭ ይላል፤ ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ድምፁ «5 ደቂቃ ሳይሞላ ሁለተኛውን አይንኩ» ይላል። እናትየዋም አይተው «አሃ፣ ልረፍ ነዋ» አሉ። ያሠራን ክፍል ግን «ከአንድ ደቂቃ በለጠ» አለና ሰዓት የሚሽከረከርበትን አሰራጨ።

ሥራ የጀመርኩት በፖስተር ነው። ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር ሰው መነጽሩን እስኪያወጣ ይጠብቃል። አኒሜሽን ጥሎት ይሄዳል። ለዚህ ነው ጥያቄው የፍጥነት ሳይሆን የት ይቁም የሚለው የሚሆነው። እጅ እየተንቀሳቀሰ፣ ጽሑፍ እየገባ፣ ቀስት ብልጭ እያለ አንድ ላይ አይሆንም። የናንተ ዘመን ልጆች ሁሉን ነገር በ1.5 ፍጥነት እያያችሁ ስላደጋችሁ ባዶ ሴኮንድ ታስፈራችኋለች መሰለኝ።

ዝግ አድርጉት ማለቴም አይደለም። ተራኪው ቃል በቃል ሲጎትት አዛውንቶች ይናደዳሉ፤ «ሕፃን አደረገን እንዴ?» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ፈጠን ያለውን ይመርጣሉ። እንግዲህ እያሳያችሁ ጠይቁ።

ቀለሙን በተመለከተ፣ የ60 ዓመት ሰው ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ክፍል) ላይ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ያህል ነው። የዓይን ሌንስም ወደ ቢጫ ስለሚያደላ ሰማያዊና አረንጓዴ ይምታታሉ። ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ? ተዉት በቃ።

ድምፅ ላይ ሁላችሁም በኢርፎን ነው የምትፈትሹት። በዕድሜ መጀመሪያ የሚደክመው ቀጭን ድምፅ መስማት ነው፤ «ሰ» እና «ፈ» ይጠፋሉ። ከሥር ሙዚቃ ሲጨመርበት ምንም አይቀርም። በተራ ስልክ ስፒከር፣ ሰው በሚያወራበት ክፍል ሞክሩት። ደንበኛው «ሙዚቃ ከሌለው ይደርቃል» ካለ መግቢያና መውጫው ላይ አድርጉለትና መሃሉን ለተራኪው ተዉለት።