የካርቡሬተር ብሎን ራስ ሲበላ

ጥያቄ፦ የሞተር ሳይክሌ ካርቡሬተር ከሥሩ ቤንዚን ስለሚያንጠባጥብ የታችኛውን ሳህን ልከፍት ሞከርኩ። ከአራቱ ብሎኖች ሦስቱ ተፈቱልኝ፤ የአራተኛው መስቀል ግን ተበልቶ ካቻቪቴው ዝም ብሎ ይዞርበታል። አንድ መካኒክ «በትራፓኖ ይበሳ» አለኝ። ሌላ መንገድ ይኖር ይሆን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ትራፓኖውን ለመጨረሻ ያቆዩት። ብሎኑ ብረት ሲሆን የካርቡሬተሩ አካል ግን ከአሉሚኒየም ወይም ከዚንክ ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ፣ ፑንታው (የትራፓኖው መብሻ ጫፍ) ከመሐል ጥቂት ከሸሸ ለስላሳውን አካል እየበላ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው ብሎኑ ሳይሆን ካርቡሬተሩ ነው።

በቅድሚያ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግተውና በሳህኑ የቀረውን አፍስሰው ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ይንቀሉት፤ እሳትም ሆነ ፍንጣሪ የሚያወጣ መሣሪያ በአጠገቡ አይኑር። በብሎኑ ራስ ዙሪያ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ አድርገው ያሳድሩት።

በማግስቱ ብሎኑን ከላይ ሳይሆን ከጎኑ ይያዙት። ራሱ ከሳህኑ ወለል በላይ ወጣ ያለ ከሆነ፣ የሚቆለፍ ፒንሳ ግራና ቀኙን አጥብቆ ሲነክሰው የመስቀሉ መበላት ምንም ለውጥ አያመጣም። በመጀመሪያ ለቅንጣት ያህል ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው እያሉ ያመላልሱት፤ የተጣበቀው ጥርስ የሚላቀቀው በአንድ ጊዜ ጉልበት ሳይሆን በዚህ ምልልስ ነው። ፒንሳው የሚይዘው ካጣ በቀጭን ሴጌቶ በራሱ ላይ መስመር አውጥተው በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ይሞክሩ። በመዶሻ ግን አይምቱት፤ አካሉ ይሰነጠቃል። ይህም ካልሆነ የብሎኑን ራስ ብቻ በትራፓኖ ያንሱት፤ ሳህኑ ሲወጣ ተርፎ የሚቆመውን ግንድ በፒንሳ ማዞር ይቻላል።

ጥፋቱ የእጅዎ ላይሆን ይችላል። እንደ ሚኩኒና ኬሂን ባሉ የጃፓን ካርቡሬተሮች ላይ ያለው መስቀል በጃፓን ደረጃ የተቀረጸ ሲሆን፣ የተለመደው ባለመስቀል ካቻቪቴ እስከ ታች ስለማይገባለት ኃይል ሲበዛበት ተንሸራቶ እየወጣ ይበላዋል። በራሱ ላይ ትንሽ ነጥብ የተቀረጸበት ብሎን ካዩ ለጃፓን ደረጃ የተሠራውን ካቻቪቴ ይጠቀሙ። በተበላው ብሎን ምትክ በውፍረት፣ በርዝመትና በጥርስ እኩል የሆነ ባለብሩጎላ (ራሱ ላይ ባለስድስት ጎን ቀዳዳ ያለው) ብሎን ይግዙ፤ ሲያስሩትም የቁልፉን አጭር ጫፍ ይዘው፣ በጣት ኃይል ብቻ ይሁን።

ሳህኑን ከመግጠምዎ በፊት የቤንዚኑን መግቢያ የሚዘጋውን መርፌና መቀመጫውን ይመልከቱ፤ ቆሻሻ ካለበት ወይም ጫፉ ከተበላ፣ የማሸጊያው ጎማ አዲስ ቢሆንም ማንጠባጠቡ አይቆምም።